ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ)፦ የባሏን ውለታ ያልረሳች እናት

ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት ቆሞ ስለ እስልምና ያስረዳበትን ታሪክ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ሙስሊም ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ከመድረሳ ምንጣፍ እስከ ጁሙዓ ሚንበር ስንሰማው አድገናል። ይህን ታሪክ ከነዝርዝሩ ያቆየችልን አንዲት ሴት መሆኗን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ሰው ነው። ኢብኑ ኢስሐቅ በሲራው ያሰፈረው ሰፊ ዘገባ ምንጩ እሷ ናት፤ ከራሷ ጎሣ ከበኑ መኽዙም የሆነው አቡበክር ኢብኑ ዐብዱረሕማን ከአንደበቷ ሰምቶ ለተከታዮቹ አስተላለፈው። ስሟ ሂንድ ቢንት አቢ ኡመያ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቃት ግን በልጇ ስም፣ ኡሙ ሰለማ ተብላ ነው።

እሷን የምናነሳት አብዛኛውን ጊዜ በሶብር ርዕስ ሥር ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱም እዚያው ነው የሚያስቀምጧት። ልክ ነው፣ ታግሳለች፤ የታገሰችውም ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ስለ ራሷ ሕይወት የተናገረቻቸው ዘገባዎች አንድ ላይ ተሰብስበው ሲነበቡ ከትዕግሥቷ ይልቅ ሹክሯ ጎልቶ ይታያል። ለመልካም ባል፣ ለመልካም ጎረቤት፣ ለአንድ መልካም የመንገድ ጓደኛ ያላት ምስጋና ዘመኗን ሁሉ አልደበዘዘም።

ሂንድ የተወለደችው በመካ ሀብታምና ኃያል ከሚባሉት ጎሣዎች በአንዱ፣ በበኑ መኽዙም ነው። አባቷ አቡ ኡመያ በለጋስነቱ የተነሳ ዛዱ ራኪብ የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር፤ የመንገደኛ ስንቅ ማለት ነው። ከእሱ ጋር የሚጓዝ ሰው ስንቅ መቋጠር አያስፈልገውም ነበርና። ያገባችው የዚያው ጎሣ ልጅ የሆነውን ዐብደላህ ኢብኑ ዐብዱል አሰድን፣ ማለትም አቡ ሰለማን ነው። አቡ ሰለማ ለነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በሁለት በኩል ቅርባቸው ነው። እናቱ በራ የዐብዱል ሙጦሊብ ልጅ በመሆኗ የአክስታቸው ልጅ ነው፤ ሱወይባ ሁለቱንም ስላጠባቻቸው ደግሞ የጡት ወንድማቸው ነው።

ባልና ሚስቱ ከቀደሙት ሙስሊሞች ተርታ ናቸው። የገጠማቸውን ለመረዳት አንድ ነገር ማስታወስ ይበቃል። የእስልምና ቀንደኛ ጠላት የነበረው አቡ ጀህል የሂንድ የአጎት ልጅ ነው። ስለዚህ ስቃዩ ከሩቅ ሰው አልመጣባቸውም፤ በሰርግና በሐዘን አብረዋቸው ከሚቀመጡት የገዛ ዘመዶቻቸው ነበር የመጣው።

በነብይነቱ በ5ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 615 አካባቢ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸው ሰው ወደማይበደልበት ንጉሥ ሀገር እንዲሻገሩ አመላከቷቸው። ቁጥራቸው 20 የማይሞላ ሰዎች በስውር ወጥተው ሹዐይባ ወደብ ሲደርሱ ሁለት የነጋዴ መርከቦች አገኙ፤ ግማሽ ዲናር ከፍለውም ቀይ ባሕርን ተሻገሩ። ኡሙ ሰለማና አቡ ሰለማ ከእነሱ ጋር ነበሩ። ጥቂት እንደቆዩ ቁረይሾች ሰልመዋል የሚል ወሬ ደረሳቸውና ተመለሱ፤ ወሬው ሐሰት ነበር። አቡ ሰለማ መካ የገባው በእናቱ ወንድም በአቡ ጧሊብ ጥበቃ ሥር ነው። የበኑ መኽዙም ሰዎች መጥተው የወንድምህን ልጅ ከለከልከን፣ አሁን ደግሞ የእኛን ሰው ለምን ትከለክለናለህ ብለው ቢሞግቱት አቡ ጧሊብ የእህቱን ልጅ ካልጠበቀ የወንድሙንም ልጅ እንደማይጠብቅ ነግሮ መለሳቸው። የሚገርመው፣ በዚያ ቀን አቡ ለሀብ እንኳ ለአቡ ጧሊብ አግዞ ተነሳ።

መካ አላስቀምጥ ስትላቸው ባሕሩን ለሁለተኛ ጊዜ ተሻገሩ። በዚህኛው ስደት ከ80 በላይ ወንዶች እንደነበሩ ይነገራል፤ ኢብኑ ሰዕድ ኡሙ ሰለማንና ባሏን በሁለቱም ጊዜ ከተሰደዱት መካከል ይቆጥራቸዋል።

ኡሙ ሰለማ ስለ ሐበሻ ስትተርክ ቀድማ የምታነሳው ጎረቤትን ነው። በመልካም ጎረቤት፣ በነጃሺ አጠገብ መኖራቸውን፣ በሃይማኖታቸው የሚነካቸው እንዳልነበረ፣ ጌታቸውን ሲገዙ የሚያስከፋ ነገር እንዳልሰሙ ትናገራለች። በሰው ሀገር ቤት የመሠረተ ሰው ይህ ቃል ምን እንደሚመዝን ያውቀዋል። ቋንቋው ሌላ፣ ምግቡ ሌላ፣ ዘመድ የለ። እሷ ግን ካጣችው ይልቅ ያገኘችውን ነበር የምትቆጥረው።

ቁረይሾች ይህን ሰላም ሲሰሙ ዓምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ላኩ። ይህ ሁለተኛው ሰው የእሷው የበኑ መኽዙም ልጅ ነው። ሐበሾች ከመካ ዕቃ አብልጠው የሚወዱት ቆዳ እንደነበር ኡሙ ሰለማ ታስታውሳለች። መልዕክተኞቹ ብዙ ቆዳ ሰብስበው፣ ከንጉሡ በፊት ለእያንዳንዱ የቤተ መንግሥት የሃይማኖት አባት ስጦታ አከፋፈሉ፤ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግር አሳልፎ እንዲሰጥ እንዲመክሩላቸው ነው። ነጃሺ ግን በጥገኝነት የመጡበትን ሰዎች ሳያዳምጥ አሳልፎ ሊሰጥ አልወደደም። የጃዕፈርን ንግግርና የሱረቱ መርየምን መቀራት ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። ከእሷ ዘገባ እኔን የሚይዘኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው። በመጀመሪያው ቀን ያልቀናው ዓምር በማግስቱ የኢሳን (ዐ.ሰ) ጉዳይ አንስቶ ከሥር ሊነቅላቸው ሲያስብ፣ ዐብደላህ ቢቃረኑንም ዘመዶቻችን ናቸውና ተው ብሎ ለመነው። ዓምር አልሰማውም። ኡሙ ሰለማ ግን ከሁለቱ ይሻል የነበረው እሱ እንደነበር መስክራለታለች። አሳልፎ ሊያሰጣት ባሕር አቋርጦ በመጣ ሰው ላይ እንኳ ቅንጣት ደግነት ካየች አትደብቅም።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰው በነጃሺ ላይ ተነስቶ ሥልጣኑን ሊነጥቅ ወጣ። ኡሙ ሰለማ ያን ጊዜ ከደረሰባቸው ጭንቀት የበረታ እንደማታውቅ ትናገራለች፤ ያ ሰው ቢያሸንፍ ነጃሺ ያወቀላቸውን መብት ላያውቅላቸው ይችላልና። ውጊያው የሆነው ከዐባይ ማዶ ነው። ወሬ የሚያመጣ ሰው ሲፈለግ በዕድሜ ከትንሾቹ አንዱ የነበረው ዙበይር ኢብኑል ዐዋም ተነሳ። አቁማዳ ነፍተውለት ደረቱ ሥር አድርጎ ዋኝቶ ተሻገረ። የቀሩት ለነጃሺ ድል ዱዓ ያደርጉ ነበር። ዙበይር በሩጫ ተመልሶ፣ ልብሱን ከሩቅ እያውለበለበ ብሥራቱን ሲያሰማ የተሰማቸውን ደስታ የሚስተካከል ደስታ አላየንም ትላለች። ስደተኛ ለተጠለለበት ሀገር ሰላም እንዲህ ሲጨነቅ ማንበብ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ተራ ነገር አይደለም።

ባልና ሚስቱ ከሒጅራ በፊት ወደ መካ ተመለሱ። ወደ መዲና ለመሄድ በቆረጡ ጊዜ አቡ ሰለማ ግመሉን ጭኖ እሷን አስቀመጣት፤ ሕፃኑን ሰለማን ጭኗ ላይ አደረገላት፤ ገመዱን እየሳበ ወጡ። ብዙም ሳይርቁ የእሷ ወገኖች፣ የበኑል ሙጊራ ሰዎች፣ ደርሰው አንተ ራስህን ብታሸንፈን ልጃችንን ይዘህ በየሀገሩ ስትዞር ዝም አንልህም ብለው ገመዱን ነጠቁት። ይህን ያዩ የአቡ ሰለማ ወገኖች በተራቸው ተቆጡ፤ እናንተ ሴቲቱን ከወሰዳችሁ ልጁ የእኛ ነው አሉ። ሁለቱ ወገኖች ሕፃኑን እየተጓተቱት ክንዱ ወለቀ። በመጨረሻ አባት ወደ መዲና፣ እናት ወደ ዘመዶቿ፣ ልጅ ወደ አባቱ ወገኖች ሆኑ። በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ተበተኑ።

ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በየማለዳው ወደ አብጦሕ ሜዳ እየወጣች እስኪመሽ ታለቅስ ነበር። አንድ የአጎቷ ልጅ አዝኖላት ይህችን ምስኪን አትለቋትም ወይ ብሎ ዘመዶቹን ወቀሰ፤ ከፈለገች ባሏን ትከተል አሏት። የባሏ ወገኖችም ልጇን መለሱላት። ማንንም አልጠበቀችም። ግመሏን ጭና፣ ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀውን በረሃ ብቻዋን ጀመረችው።

ተንዒም ላይ (ዑምራ ያደረገ ሰው ዛሬ በመስጂደ ዓኢሻ ያውቀዋል) ዑስማን ኢብኑ ጦልሐ አገኛት። ያኔ ገና አልሰለመም። ከአላህና ከልጇ በቀር አብሯት ማንም እንደሌለ ሲሰማ እንዲህ ሆና ልትተዋት አትገባም ብሎ የግመሏን ገመድ ያዘ። ማረፊያ ሲደርሱ ግመሉን ያንበረክክና ዘወር ይላል፤ ስትወርድ መጥቶ ግመሉን ወስዶ ዛፍ ላይ ያስራል፤ ራሱ ከሌላ ዛፍ ሥር ይተኛል። የመሄጃው ሰዓት ሲደርስ ግመሉን አቅርቦ ጭኖላት እንደገና ዘወር ይላል። እስከ መዲና እንዲህ አደረሳት። የቁባ መንደር ስትታይ ባልሽ እዚህ ነው ያለው ብሎ በመጣበት ወደ መካ ተመለሰ። ከዑስማን የተከበረ የመንገድ ጓደኛ አይታ እንደማታውቅ፣ የአቡ ሰለማን ቤተሰብ የመሰለ መከራ የደረሰበት ቤተሰብም እንደማታውቅ ሁልጊዜ ትናገር ነበር። ሁለቱን አብራ ነው የምትናገራቸው፤ መከራው የሰውየውን ውለታ አላስረሳትም።

በመዲና ሰለማ፣ ዑመር፣ ዱራና ዘይነብ የሚባሉ አራት ልጆች ያሉት ቤት ሆነ። አቡ ሰለማ በድር ዘመተ፤ ኡሑድ ላይ ክንዱን በቀስት ተመታ። ቁስሉ የዳነ መስሎ በ4ኛው ዓመተ ሒጅራ በሙሐረም ወር 150 ሰዎችን እየመራ ወደ ቀጦን ዘመተ። ሲመለስ ቁስሉ አመረቀዘ።

ከዚህ ትዳር ከተረፉልን ጨዋታዎች መካከል አንዱ ኢብኑ ሰዕድ የዘገበው ነው። ኡሙ ሰለማ አንድ ቀን ለባሏ ቃል ኪዳን አቀረበችለት፤ ከሁለት አንዳችን ብንሞት የቀረው ሌላ አያግባ፣ በጀነት አብረን እንድንሆን። አቡ ሰለማ በመጀመሪያ ትታዘዥኛለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። የጠየቅሁህ ልታዘዝህ ነው አለችው። እንግዲያው እኔ ከሞትኩ አግቢ አላት፤ አስከትሎም ከእሱ የተሻለ፣ የማያሳዝናትና የማያስከፋት ባል እንዲሰጣት አላህን ለመነላት። ቅናት የፍቅር ማስረጃ ተደርጎ በሚቆጠርበት በእኛ ዘመን ይህን ዱዓ ስንት ባል ያደርገው ይሆን?

አቡ ሰለማ በዚያው ዓመት በጁማደል ኣኺራ አረፈ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው የተከፈቱ ዓይኖቹን በእጃቸው ከደኑለት፤ ቤተሰቡ በጩኸት ሲያለቅስ በራሳቸው ላይ ከመልካም በቀር እንዳይለምኑ መከሯቸው፤ አላህ እንዲምረው፣ ቀብሩን እንዲያሰፋለትና እንዲያበራለት፣ ለተዋቸው ሰዎች ተጠሪ እንዲሆንለት ዱዓ አደረጉለት። ኡሙ ሰለማ በዚያን ሰዓት ያሰበችውን ራሷ ነግራናለች። ባይተዋር ሆኖ በሰው ሀገር ሞተ፣ ስለዚህ ሰው የሚያወራለት ለቅሶ አለቅስለታለሁ ብላ ተዘጋጅታ ነበር። የምታግዛት ሴትም ከላይኛው መንደር መጥታ ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ሸይጧንን ያስወጣበትን ቤት መልሳ እንዳታስገባው ሲነግሯት ያን የሙሾ ለቅሶ ተወችው።

ከዚያ የተማረችው ዱዓ ነበር። አቡ ሰለማ ራሱ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምቶ፣ ደስ ብሎት ቤት ይዞላት የመጣ ዱዓ ነው። መከራ የደረሰበት ሰው በመከራው ምንዳ እንዲሰጠውና በተሻለ እንዲተካለት አላህን ይለምናል። የመጀመሪያውን ክፍል አለችው። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ልቧ ቆመ። ከአቡ ሰለማ የሚሻል ማን ሊኖር ነው? ቤቱ ወደ መልዕክተኛው ከተሰደዱት የመጀመሪያው ቤት ነው። ቢሆንም አለችው።

ዳዒዎቻችን ይህን ሲነግሩን መልሱ ጋ ለመድረስ ስለሚቸኩሉ እዚህች ማመንታት ላይ ብዙ አይቆዩም። እኔ ግን የኡሙ ሰለማን ትዳር የሚነግረኝ ይኸው ነው እላለሁ። ሴትየዋ አላህን አልተጠራጠረችም፤ ምላሷ ታዟል፤ ልቧ ግን ከሞተው ባሏ የሚበልጥ ሰው መሳል አልቻለም። ይህንንም ሳታፍር፣ የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ከሆነች በኋላ ተናግራዋለች። ሐዲሱ ሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ ይገኛል።

ዒዳዋ ሲያበቃ አቡበክር (ረ.ዐ) ጠየቋት፤ አልተቀበለችም። ዑመር (ረ.ዐ) ጠየቋት፤ አልተቀበለችም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲልኩባት ያለባትን ሦስት ነገር ግልጽ አድርጋ ነገረቻቸው፤ ቀናተኛ ነኝ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ የልጆች እናት ነኝ አለች። ለቅናቷ አላህ እንዲያስወግድላት ዱዓ እንደሚያደርጉ፣ በዕድሜ እሳቸውም እንደ እሷው መሆናቸውን፣ ልጆቿ ደግሞ የአላህና የመልዕክተኛው አደራ መሆናቸውን መለሱላት። በእኛ መንደር ባሏ የሞተባት ሴት ለማግባት የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄው ልጆቹ ከአያታቸው ጋ ይቀራሉ ወይ የሚል ነው። የሟቹን ስም ቤት ውስጥ ማንሳትም እንደ ነውር ይቆጠራል። እዚህ ግን አራቱም የአቡ ሰለማ ልጆች ከእናታቸው ጋር ገቡ።

ኒካሑ በ4ኛው ዓመተ ሒጅራ በሸዋል ተፈጸመ። የገባችበት ክፍል የዘይነብ ቢንት ኹዘይማ (ረ.ዐ) ነበር፤ ዘይነብ ከጥቂት ወራት በፊት አርፈዋል። ሙሽራይቱ ዞር ዞር ብላ ስታይ በእንስራ ውስጥ ጥቂት ገብስ፣ የእጅ ወፍጮ፣ የድንጋይ ድስትና ትንሽ ስብ አገኘች። ገብሱን ፈጨች፤ በድስቱ ዐሲዳ ሠራች (ከእኛ ገንፎ ብዙም አይርቅም)፤ ስቡን ማባያ አደረገችው። የመልዕክተኛውና የባለቤታቸው የሰርግ ማታ እራት እሱ ነበር። ዛዱ ራኪብ የተባለው ሰው ልጅ ናት ይህችን ገብስ የፈጨችው፤ ስትተርከው ግን የቅሬታ ቃል አላስገባችበትም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀላል አልነበሩም። ዘይነብ ገና ጡት ትጠባ ነበርና ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመጡ እናቷ ታቅፋት ያገኟታል፤ እሳቸውም አፍረው ይመለሳሉ። ይህ ሲደጋገም የኡሙ ሰለማ የጡት ወንድም የሆነው ዓማር ኢብኑ ያሲር ነገሩን ተረድቶ ሕፃኗን ወስዶ አጥቢ ፈለገላት። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመጡ ግን ዙናብ የት ሄደች ብለው በማቆላመጥ ይጠይቁ ነበር። ሕፃኗ ስትወለድ የወጣላት ስም በራ ነበር፤ ዘይነብ ያሏት እሳቸው ናቸው።

ዑመርንም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስሙን ልብ ሳንል ነው እንጂ። ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ማዕድ ቀርቦ እጁ በሳህኑ ዙሪያ ሲዞር ቢስሚላህ እንዲል፣ በቀኙ እንዲበላና ከፊት ለፊቱ እንዲያነሳ የተማረው ልጅ እሱ ነው። ከአንድ ትሪ አብረን ስንበላ ዛሬም ልጆቻችንን የምናርመው በዚያ የአቡ ሰለማ ልጅ በተማረው ትምህርት ነው። እሱም ካደገ በኋላ አበላሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደዚያው መቅረቱን ተናግሯል።

ስለ ቀሪው ሕይወቷ ብዙ ተጽፏል። በ6ኛው ዓመተ ሒጅራ ሑደይቢያ ላይ ሶሐቦች በሐዘን ተውጠው እርድ ለማረድና ፀጉር ለመላጨት ሳይነሱ ሲቀሩ፣ ለማንም ሳይናገሩ ወጥተው እሳቸው ራሳቸው እንዲጀምሩ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) የመከረችው እሷ ናት፤ ምክሯም ነገሩን ፈታው። ሐበሻም ከአእምሮዋ አልወጣም። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመጨረሻ ሕመም ጊዜ እሷና ኡሙ ሐቢባ እዚያ ስላዩት ማሪያ ስለሚባል ቤተ ክርስቲያንና በውስጡ ስለነበሩት ሥዕሎች ሲያወሩ፣ እሳቸውም ሰምተው በደጋግ ሰዎች ቀብር ላይ የአምልኮ ቦታ ከመሥራት አስጠነቀቁ።

በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ መጀመሪያ ላይ ሦስት ሰዎች ሊሰልሙ አብረው መዲና ገቡ። አንዱ የአጎቷ ልጅ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ነው። ሁለተኛው እሷንና ጓደኞቿን ለማስመለስ ሐበሻ ድረስ ቆዳ ተሸክሞ የሄደው ዓምር ኢብኑል ዓስ። ሦስተኛው የግመሏን ገመድ ይዞ እስከ ቁባ ያደረሳት ዑስማን ኢብኑ ጦልሐ። መካ በተከፈተች ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የከዕባን ቁልፍ ለዚህ ለዑስማን መለሱለት፤ እስከ ዛሬም ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም።

ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ከሙእሚኖች እናቶች መካከል መጨረሻ ያረፈችው እንደሆነች ብዙዎቹ ዘጋቢዎች ይስማማሉ። ዕድሜዋ ወደ 84 ዓመት ደርሶ ነበር፤ የተቀበረችውም በበቂዕ ነው። የመልዕክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ሆና በኖረችባቸው ዓመታትም፣ ከእሳቸው በኋላ በኖረችባቸው አሥርት ዓመታትም መጠሪያዋ አልተለወጠም። ሰው ሁሉ የሚጠራት በመካ መንገድ ላይ ክንዱ በወለቀው በአቡ ሰለማ ልጅ ስም ነበር።